ስሟ ያልታወቀ የዛፍ እንቁራሪት ከመግዛትዎ በፊት፦ አራት ዝርያዎች በንጽጽር

ለሽያጭ የቀረበችልዎት እንቁራሪት «የዛፍ እንቁራሪት» ከመባል ያለፈ ስም ከሌላት፣ ስለ ዋጋዋ ከመነጋገርዎ በፊት ዓይኗን ይመልከቱ። ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሟን ነው፤ ይሁን እንጂ አረንጓዴነቷ እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ብርሃኑና እንደ ድንጋጤዋ ወደ ቡናማ ሊለወጥ ስለሚችል ዝርያዋን ለመለየት አይበቃም። በደማቅ ብርሃን የዓይኗ ብሌን አግድም ከጠበበ የአውስትራሊያዋ ወይም የአሜሪካዋ አረንጓዴ እንቁራሪት ልትሆን ትችላለች፤ እንደ ድመት ዓይን ከላይ ወደ ታች ከጠበበ ደግሞ የመካከለኛው አሜሪካዋን ባለ ቀይ ዓይን ወይም የራሳችንን አገር ዝርያ ያስቡ።

ገዢን ይበልጥ የሚያስቸግረው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መለየት ነው፤ ምክንያቱም ገና ያላደገች የአውስትራሊያ እንቁራሪት መጠኗም ሆነ ቀለሟ ካደገች የአሜሪካ እንቁራሪት ጋር ይቀራረባል። የአሜሪካዋ ሰውነቷ ቀጠን፣ አፍንጫዋ ሾል ያለ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከከንፈሯ ተነሥቶ በጎኗ የሚሄድ ነጭ ወይም ቢጫማ መስመር አላት። መስመሩ የሌላቸውም ስላሉ፣ ከጆሮዋ ከበሮ በላይ የቆዳ እጥፋት መኖሩን አብረው ያረጋግጡ፤ ይህ እጥፋት በአውስትራሊያዋ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ስትሰባም እንደ ቅንድብ ይወፍራል። ልዩነቱን ማወቅ ለእንክብካቤዋ ወሳኝ ነው። የአሜሪካዋ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደርሳ ታበቃለች፤ የአውስትራሊያዋ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ልትደርስና ከ15 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፣ ከእሷ ያነሱ እንቁራሪቶችንም ስለምትውጥ ሁለቱን በአንድ የመስታወት ሳጥን ማኖር አይገባም።

ባለ ቀይ ዓይኗን መለየት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቀን ቀን እግሮቿን አጥፋ፣ ዓይኗን ከድና ቅጠል ላይ ስለምትተኛ፣ ቀዩ ዓይንም ሆነ በጎኗ ያለው ሰማያዊና ቢጫ ቀለም አይታይም። ስለዚህ ተኝታ ያገኟትን እንቁራሪት በእጅ ነክቶ ከመቀስቀስ ይልቅ ሲመሽ ተመልሶ ማየት ይሻላል። ይህች ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከውጭ የገባች ከሆነች ሻጩ የፈቃድ ወረቀቷን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።

በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘው የሌፕቶፔሊስ ወገን ብሌኑ እንዲሁ ቁም ነው። ከእነዚህ አንዱ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ምንም እንኳ ከዛፍ እንቁራሪቶች ጋር ቢመደብ፣ በሣር ሜዳ መሬት ቆፍሮ የሚኖር በመሆኑ የጣቶቹ ጫፎች እንደ ሌሎቹ ሰፊ አይደሉም። ከአገራችን ውጪ የትም የማይገኝ እንስሳ ከሜዳው ተይዞ በጠርሙስ ሲሸጥ ማየት ያሳዝነኛል፤ የቀረበልዎት እሱ ከመሰለዎት እባክዎ አይግዙ። ጥርጣሬ ካለዎት ከጀርባ፣ ከጎንና ከፊት የተነሡ ጥርት ያሉ ፎቶግራፎች ይዘው አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባለሙያ ይጠይቁ።

ለፒያሳ ወይም ለካዛንቺስ ቤት የትኛዋ ትመቻለች? ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ባለ ቀይ ዓይኗ ሙቀትና እርጥበት ሳይቋረጥባት መኖር ስላለባት፣ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቤት ለጀማሪ አልመክራትም። የአውስትራሊያዋ የአየር ድርቀትን ከእሷ በተሻለ ትችላለች፤ ሆኖም ቀን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋታል። ቀዝቃዛ ሌሊትን ከሦስቱ በተሻለ የምትቋቋመው የአሜሪካዋ ስለሆነች፣ ማሞቂያ ለረጅም ሰዓት ማብራት ለማይችል ሰው እሷን እመርጥለታለሁ፤ ብዙ ዓመት ለመንከባከብ ለቆረጠና ሳጥኑን ለሚያሞቅ ግን የአውስትራሊያዋ ትበልጣለች። ማንኛዋንም ቢገዙ የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ ሳይወገድ አይስጧት፤ በቆዳዋ ትመጠዋለችና።