ሁለት ውሾቼን ለዘጠኝ ሌሊት በአደራ ስለሰጠሁበት ማቆያ

ለጉዞ በተነሣሁ ጊዜ የስምንት ዓመቷን ውሻዬንና ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላውን ወንዱን ለዘጠኝ ሌሊት በአንድ የውሻ ማቆያ አሳድሬ ነበር። የድርጅቱን ስም ያልጠቀስኩት ከባለቤቱ ጋር ጉዳዩን ገና በመነጋገር ላይ ስለሆንኩ ነው።

እንግዳ መቀበያው ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹም ውሻ የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ይህን አልክድም። የክትባት ካርድ ጠይቀው ፎቶ አንሥተዋል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን ግን ያነበበው የለም። ለወንዱ በአፍንጫ የሚሰጠውን የሳል ክትባት ያስከተብኩት በዋዜማው ነበር፤ ይህ ክትባት መከላከል የሚጀምረው ደግሞ ቢያንስ ከሦስት ቀን ያህል በኋላ ነው። ጥፋቱ በመጀመሪያ የእኔ ነው፤ ሆኖም ቀኑን አይቶ «ትንሽ ይቆይ» የሚለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጉዞዬን ባዘገየሁ ነበር።

ወደ ቤት በተመለሱ በአራተኛው ቀን ወንዱ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ይመስል አንገቱን እየዘረጋ በደረቁ ይስል ጀመር። በማግስቱ ተቅማጥ ተጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ ሴቷም ሳለች። ክትባቷ በጊዜው የተሰጠ ስለነበር የእሷ ሳል ቀለል ያለ ነው፤ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ይህን ሳል ቦርዴቴላ የሚባለው ባክቴሪያ ብቻ ሳይሆን ፓራኢንፍሉዌንዛን የመሳሰሉ በርካታ ቫይረሶችም ስለሚያመጡት፣ ክትባቱ ሕመሙን ያቀልላል እንጂ ሁልጊዜ አያስቀረውም። በወጣቱ ውሻ ተቅማጥ ምክንያት አስቀድሞ የተመረመረው ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ ነበር፤ እሱ እንዳልሆነ ሲረጋገጥ ትንፋሼ ተመለሰ። በሰገራው የተገኘው ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ነው።

ለማቆያው ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ውሾችዎ ከዚህ ሲወጡ ጤነኞች ነበሩ» የሚል ነበር። ንግግሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምንም አያረጋግጥም። ሳሉ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 14 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ በቆይታው መካከል የተያዘ ውሻ ጅራቱን እየቆላ ከበሩ ወጥቶ ሕመሙን በባለቤቱ ቤት ይጀምራል። ጃርዲያም ቢሆን ወደ ሆድ ከገባ በኋላ በሰገራ ላይ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ይህን አያውቅም ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

በሐኪሙ ተራ መጠበቂያ ያገኘኋት ሌላ ደንበኛ ውሻዋን በዚያው ሳምንት እዚያው አሳድራ ነበር፤ የእሷም ይስላል። እኛ ከገባን በሦስተኛው ቀን አንድ ውሻ መሳል እንደጀመረና ወደዚያው ኮሪደር መጨረሻ እንደተዛወረ ከሠራተኞቹ አንዱ ነግሯታል። መስኮቶቹ በተዘጉበትና አየሩ በማይለዋወጥበት አንድ ኮሪደር ውስጥ ጥቂት ክፍሎችን አልፎ ማስቀመጥ ማግለል ሊባል አይችልም፤ በሽታው በሳል ከሚረጨው ጠብታ በተጨማሪ በሰው እጅና በውኃ ሳህንም ይተላለፋልና። በመጫወቻው ግቢ ሁሉም ውሾች የሚጠጡት ከአንድ ገንዳ እንደነበር ውሾቼን ለመውሰድ ስሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ዕለት አንድ ሠራተኛ ሰገራው ሳይነሣ በረኪና ሲያፈስበትና ወዲያው በውኃ ሲያጥብ ተመልክቻለሁ። ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ስለሚያዳክመው መጀመሪያ ሰገራው ተጠርጎና ወለሉ በሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያ መድኃኒቱ አሥር ደቂቃ ያህል ወለሉ ላይ ሊቆይ፣ በመጨረሻም ወለሉ በደንብ ሊደርቅ ይገባል። ጃርዲያ እርጥብና ቀዝቃዛ በሆነ ስፍራ ለሳምንታት ይቆያል፤ ድርቀትን ግን አይችልም። እኔ ያየሁት ወለል ውሾች ተመልሰው ሲገቡበት ውኃ እንደቋጠረ ነበር። (የበረኪናው ሽታ አፍንጫ ሲሰነፍጠኝ «ንጽሕና ነው» ብዬ ደስ መሰኘቴን ሳስታውስ አሁን አፍራለሁ።)

ብዙ ውሾች በሚያድሩበት ቤት፣ ጥንቃቄ ቢደረግም እንኳ፣ አንዳንዴ ሳል ይገባል፤ ስለዚህ ስለ መታመማቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ቅሬታዬ ስለ ዝምታው ነው። የመጀመሪያው ውሻ በሳለ ዕለት ቢደወልልኝ ዘመድ ልኬ አስወጣቸው ነበር፤ ወይም ቢያንስ ሲመለሱ ከጎረቤት ውሻ ጋር ባልተጫወቱ። ባለቤቱን የጠየቅኳቸው የሕክምናውን ወጪ አልነበረም፤ በዚያ ሳምንት ላሳደሩት ደንበኞች ሁሉ ስልክ እንዲደውሉ ነበር። እሳቸው ግን ስማቸው እንዳይነሣ በመስጋት ይህን ትተው፣ ለሚቀጥለው ቆይታ ቅናሽ እንደሚያደርጉልኝ ነገሩኝ።

ወንዱ ተቅማጡ ቆሞለታል፤ ሴቷ ሌሊት ሌሊት ገና ትስላለች። ቦርዴቴላ ሳሉ ከቆመ በኋላም ለሳምንታት ከውሻው ሊወጣ ስለሚችል፣ ሁለቱንም ማለዳ ሌላ ውሻ ሳይወጣ አንሸራሽሬ እመልሳቸዋለሁ። የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ የሆነውን ነግሬአለሁ፤ ያቺ ደንበኛም የምታውቃቸውን እየደወለች ነው።