ከፒያሳ የገዛሁት የንጉሥ ኢዮስያስ መጽሐፍ

ጎንደር ፒያሳ ካለች አንዲት ጠባብ የመጻሕፍት ሱቅ ለልጄ የጥንቱን የይሁዳ ንጉሥ የኢዮስያስን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ መጽሐፍ ገዛሁ። 180 ብር። ሻጩ «ወንድሜ፣ ልጆች ይወዱታል» አለኝ። አልዋሸም።

«በ8 ዓመቱ ነገሠ» የሚለው ላይ ስንደርስ ልጄ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እሱም 8 ዓመቱ ነው። «ትምህርት ቤት አይሄድም ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ምርጡ መሀሉ ነው። በነገሠ በ18ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ ያገኛል። ጸሐፊው ሳፋን ለንጉሡ ያነብለታል፤ ንጉሡም ልብሱን ይቀድዳል። ከዚያ ጣዖት ማጽዳት ነው። የማምለኪያ ዐፀዱ፣ ማለትም የጣዖቱ ምስል፣ ኢየሩሳሌም አጠገብ ወዳለው ቄድሮን ሸለቆ ወርዶ ይቃጠላል፣ ለፀሐይ የተሰጡት ፈረሶች ይወገዳሉ፣ በቤቴል ከተማ የነበረው መሠዊያ ይፈርሳል። ሠዓሊው አመዱን ሲሥል አልሰነፈም፤ ከምጣድ ሥር እንደሚዛቅ አመድ ድቅቅ ያለ ነው።

ነቢይቱ ሕልዳና ግን አንድ መስመር ብቻ ደረሳት። ንጉሡ እግዚአብሔርን ጠይቁልኝ ብሎ የላከው እኮ እሷ ዘንድ ነው!

ስፌቱ ደግሞ ጉድ ነው። ሳምንት ሳይሞላው ቅጠሎቹ ተገነጣጠሉ። ልመልስ ብሄድ «ሙጫ ግዛና ለጥፈው» ተባልኩ። አሁን ቤቴል በፕላስተር ተይዛለች።