አንድ ትልቅ ኦስካር ወይስ የትናንሽ ዓሦች አኳሪየም? ከመግዛታችሁ በፊት

ኦስካር የሚባለውን ዓሣ ሱቅ ውስጥ ስታዩት አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ያሳሳል። ግን እንደዚያ አይቀርም። በደንብ ከበላ በዓመት ውስጥ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ኋላም 30ን ያልፋል፣ ከተመቸው ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። ለእሱ ብቻ ቢያንስ 280 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ያስፈልጋል። ጋፒ፣ ኒዮን ቴትራና ኮሪዶራስ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች አብረው የሚኖሩበት የጋራ አኳሪየም ግን በ80 ሊትር ይጀመራል።

ብዙ ሰው በመልክ ይመርጣል። እኔ አዲስ አበባ ለሚኖር፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ላይ ላለ ሰው፣ መጀመሪያ ጀሪካን ቁጠሩ እላለሁ። ኦስካር ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ የውሃውን ሲሶ ያህል መቀየር ነው። ይህ ከ90 ሊትር በላይ ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን አምስት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለአንድ ዓሣ አምስት ጀሪካን! የቤት ሰው ምን እንደሚል አስቡት። ለ80 ሊትሩ ግን ሩቡን መቀየር ይበቃል፣ እሱም አንድ ጀሪካን ብቻ ነው። (የሚወጣውን ውሃ አትድፉት፣ አበባ አጠጡበት፣ ይወደዋል።) ክብደቱም አለ፤ የኦስካሩ አኳሪየም ከነመስታወቱና ከነአሸዋው ከ300 ኪሎ በላይ ነው፣ ማንኛውም ጠረጴዛ አይችለውም።

ሌላው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ውሃውን የሚያጣራው ፊልተር ይቆማል፣ ኦክስጅን መቀነስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከመጀመሪያውም ከቆላው ያነሰ ነው። ትልቅ ዓሣ ቶሎ ይጨንቀዋል። ትናንሾቹ ካልተጨናነቁ ለተወሰኑ ሰዓታት ይቋቋማሉ። የትኛውንም ብትመርጡ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዙ። ለኦስካሩ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ብዙ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ሌሊት የውሃ ማሞቂያው (ሂተሩ) ሲጠፋ 280 ሊትር ከ80 ሊትር ይልቅ ሙቀቱን ይጠብቃል።

በጸባይ ኦስካርን የሚያህል የለም። ሰው ይለያል፣ ስትገቡ መስታወቱ ጋ ይመጣል፣ ከእጅ ይበላል፣ ዕቃውን ካዘዋወራችሁበት በጎኑ ተኝቶ ያኮርፋል። ድንጋይ ይገፋል፣ ተክል ይነቅላል፣ ሂተር ሊሰብርም ይችላል። ለሳሎን ማስዋቢያ ብላችሁ ከሆነ የምትፈልጉት እሱን አይደለም። አረንጓዴ ተክል መሃል በቡድን የሚንሸራተቱ ኒዮኖች ይሻሏችኋል።

የጋራውም ቀላል ነው አልልም። ኒዮንና ኮሪዶራስ ቢያንስ ስድስት ስድስት ሆነው ካልገቡ ይፈራሉ። ታይገር ባርብ የጋፒ ጅራት ይነክሳል። ጎልድፊሽ እዚያ ቦታ የለውም፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፣ ያድጋልም። ጋፒ በየወሩ ገደማ ስለሚወልድ ወንዶቹን ብቻ ግዙ፣ አለበለዚያ ጫጩት ማደል ሥራችሁ ይሆናል። አንድ አዲስ ዓሣ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ ይዞ ከገባ ሁሉም ይታመማሉ፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ብቻውን የሚኖር ኦስካር ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱንም ልቀላቅል የሚል አለ። አይሆንም፤ አፉ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ይውጠዋል።

ስለዚህ ግቢ፣ ሮቶና መጠባበቂያ ኃይል ያለው ሰው ኦስካር ቢገዛ አልከለክለውም። ሌላው ከትናንሾቹ ይጀምር። ኦስካር የምትሉ ደግሞ «ለጊዜው ትንሽ አኳሪየም ገዝቼ ሲያድግ እቀይራለሁ» የሚለውን ሒሳብ ተዉት፣ ሁለቴ መክፈል ነው። የመረጣችሁት ምንም ይሁን፣ ውሃው ክሎሪኑ ወጥቶለት፣ ፊልተሩ አሞኒያን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎችን እስኪያፈራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። አኳሪየሙንና ዓሣውን በአንድ ቀን «ውሰዱ» የሚላችሁ ሻጭ ካለ፣ መስታወቱን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ።