«አውቶፍላወር» ብለው የሚሸጡላችሁን ዘር በቀን 12 ሰዓት ብቻ በሚበራ መብራት አታብቅሉ

ወገኖች፣ ይሄን የምጽፈው ካናቢስን በቤት ማብቀል ሕግ በሚፈቅድበት አገር ለምትኖሩ፣ ለዚያውም በተፈቀደው ቁጥር ለምታበቅሉ ነው። በአብዛኛው ዓለም ግን አሁንም ወንጀል ነው፤ ዘሩን በፖስታ ማስመጣት ብቻውን የሚያሳስርበት ቦታ አለ። እዚያ ያላችሁ ይሄን ጽሁፍ እለፉት።

አራት ዘር ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ «አውቶፍላወር፣ ፌሚናይዝድ፣ ከዘር እስከ አጨዳ 8 ሳምንት» ይላል። አውቶፍላወር (ባጭሩ «አውቶ») የመብራቱን ሰዓት ሳይጠብቅ በዕድሜው የሚያብብ ነው፤ ፌሚናይዝድ ደግሞ ሴት ተክል ብቻ እንዲሰጥ የተዘጋጀ ዘር። አራቱም በቀሉ። አንዷ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ጫፏ ላይ ነጫጭ ፀጉር አወጣች። ሦስቱ ግን ቁመት ብቻ ሆኑ። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ የማብቀያ ድንኳኑን ሞልተው መብራቱን ሊነኩ ደረሱ፣ አበባ የሚባል ነገር ግን የለም። የላም አለኝ በሰማይ ነገር ሆነብኝ።

መታለሌን ያወቅሁት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ከዘሩ ጋር የመጣች ትንሽ ካርድ ነበረች፤ «ለተሻለ ውጤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 12 ሰዓት መብራት ይስጡ» ትላለች። እኔ ካርዷን ያገኘኋት ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ከማሸጊያው ሥር ተጣብቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ታይመሩን በለመድኩት 18 ሰዓት ላይ ትቼው ነበር። ካርዷን በጊዜ አንብቤ ታዝዤ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ መታለሌን አላውቅም ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳ፤ የተንኮሉ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። ተራው ካናቢስ፣ ፎቶፔሪየድ የሚሉት፣ ወደ አበባ የሚገባው ሌሊቱ ሲረዝምበት ነው። ቤት ውስጥ 18 ሰዓት ካበራችሁለት ገና ቀኑ ረጅም ነው ብሎ ቅጠልና ግንድ ሲሠራ ይኖራል፤ ወራት ቢያልፍም ያው ነው። 12 ሰዓት ብርሃን 12 ሰዓት ጨለማ ስታደርጉት ያብባል። ዕፅዋት የቀንና የሌሊትን ርዝመት እንደሚከተሉ ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1920 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ነገር ነው፤ እነሱ የሠሩት በትንባሆና በአኩሪ አተር ነበር፣ ካናቢስም የዚያው ወገን ነው። አውቶፍላወር ግን ዕድሜውን እንጂ ሰዓቱን አይቆጥርም። ባሕርዩን የወረሰው ሩደራሊስ ከተባለው አጭር የዱር ዓይነት ነው፤ ያኒሸቭስኪ የተባለ ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1924 ስም ያወጣለት። ሙቀቱ ለጥቂት ወራት ብቻ በሚቆይበት ሰሜናዊ ምድር፣ ሌሊቱ እስኪረዝም የሚጠብቅ ተክል ዘሩን ሳያፈራ ውርጭ ይቀድመዋል። ስለዚህ ሩደራሊስ ሳይጠብቅ ማበብን ለመደ።

እንግዲህ አስቡት። በ12 ሰዓት ሁለቱም ያብባሉ። እውነተኛውም፣ የውሸቱም። ሻጩ «12 ሰዓት ስጡት» ሲላችሁ ማስረጃውን በገዛ እጃችሁ እንድታጠፉለት እየነገራችሁ ነው። አንድ ወዳጄ ከዚሁ ሻጭ ገዝቶ እንደ ካርዷ አደረገ። ተክሎቹ አጫጭር ሆነው አበቡ፣ ጥቂት ምርት ሰጡት፣ «አውቶ ተፈጥሮው ትንሽ ነው» ብሎ ተደስቶ ለሌሎች ሦስት ሰዎች ሻጩን ጠቆመ። ተራ ዘር ከቡቃያነቱ ጀምሮ በ12 ሰዓት ቢበቅል አጭርና ትንሽ እንደሚሆን የነገረው ሰው አልነበረም። እውነተኛ አውቶ ቢሆን ደግሞ 18 ወይም 20 ሰዓት ብርሃን ቢያገኝ ኖሮ ከዚያ የበለጠ በሰጠው ነበር። በሁለቱም በኩል ከሳሪው እሱ ነው።

ዘሩ ከየት ይመጣል ለምትሉ፦ ራሱን ችሎ የማበብ ባሕርይ በዘር ውርስ የሚደበቅ ባሕርይ ነው። አንድ ሰው አውቶን ከተራው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ እንደ ተራው ይሆናል፤ ብርሃን ጠባቂ ነው። እነዚያን እርስ በርስ ሲያዳቅላቸው በአማካይ ከአራቱ አንዱ አውቶ ይወጣል። ትክክለኛ አርቢ ከዚያ በኋላ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ባሕርዩ እስኪጸና ይቆያል። ችኩሉ ግን ሁለተኛው ትውልድ ላይ ቆሞ ያሽግና ይሸጣል። የእኔ ከአራት አንድ መሆኑ ያንን አሳሰበኝ። አራት ዘር ምንም እንደማያረጋግጥ አውቃለሁ፤ ጥርጣሬዬን ግን አልደብቅም።

አሁን ወደ መለየቱ። ከዘሩ መልክ አትጀምሩ። «የአውቶ ዘር ትንሽና ዝንጉርጉር ነው» የሚባለው ነገር ገበያ ላይ ባሉት ድቅሎች አይሠራም። ከቡቃያው ቅጠልም አይታወቅም። የሚታወቀው በጊዜና በብርሃን ነው፦ 18 ሰዓት እየበራለት፣ ከበቀለ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የአበባ ምልክት ካሳየ አውቶ ነው። ስድስት ሰባት ሳምንት አልፎት ምንም ከሌለ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ስምንተኛውን ተሻግሮ ቅጠል ብቻ ከሆነ ተራ ዘር ነው ብላችሁ ዕቅዳችሁን ቀይሩ።

ነገር ግን «የአበባ ምልክት» የሚለው ቃል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሻጩም የሚያመልጠው በዚሁ ቀዳዳ ነው። ተራው ካናቢስም ዕድሜው ሲደርስ፣ አራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ በ18 ሰዓት ብርሃን ሥር ሆኖ እንኳ ጾታውን ያሳያል። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት አንጓ፣ በቅጠሉ ብብት ውስጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ነጭ ፀጉር ታያላችሁ። ያ ማበብ አይደለም፣ ሴት መሆኗን መናገሯ ነው። እኔ ለሻጩ ፎቶ ስልክለት «ይኸው አብቧል!» ያለኝ እነዚህን ፀጉሮች አይቶ ነው። ማበብ ስትጀምር ግን ፀጉሩ ወደ ጫፍ ይወጣል፤ የዋናው ግንድና የየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ በእቅፍ በእቅፍ ይበዛል፣ አዲሶቹ ቅጠሎች ይቀጥናሉ፣ ተክሉ በቀናት ውስጥ ሽቅብ ይመዘዛል። ልዩነቱ ካልታያችሁ አሥር ቀን ጠብቁ። አውቶ ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው በየቀኑ ይጨምራል፤ ካልሆነ ያቺው አንድ ፀጉር እንዳለች ትቀራለች።

ከመፍረዳችሁ በፊት አንድ ነገር በራሳችሁ በኩል ፈትሹ፦ ታይመሩ እውነት 18 ሰዓት ያበራል? የተበላሸ ታይመር 12 ወይም 13 ሰዓት ሲያበራ ከርሞ ተራውን ዘር እንዲያብብ ያደርገዋል፣ እናንተም ሻጩን ታመሰግናላችሁ። እጅግ በጠበበ ማሰሮ ታፍኖ የቆየ አውቶም ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፤ ግን ወራት አይዘገይም።

ሌላው ደግሞ «የአውቶፍላወር ክሎን» እያሉ ሥር ያበቀለ ቅርንጫፍ የሚሸጡት ናቸው። ይሄኛው ያስቀኛል። ከአንድ ተክል የተቆረጠ ቅርንጫፍ የእናቱን ዕድሜ ይዞ ይሄዳል። እናቲቱ በአራት ሳምንቷ የምታብብ ከሆነች፣ ቅርንጫፉ ሥር እስኪሰድ ጊዜው ደርሶበት መዳፍ በማይሞላ ቁመት ላይ ያብባል። የተሸጠላችሁ ክሎን ጤነኛና ሰፊ ሆኖ ካደገ አውቶ አይደለም፤ አውቶ ከሆነ ደግሞ የሚረባ ነገር አይሰጣችሁም። በየትኛውም መንገድ አትግዙ።

ወደ ሻጩ ልመለስ። መጀመሪያ «ተክሉን አስጨንቀኸዋል፣ ማዳበሪያ አብዝተህበታል» አለኝ። ከዚያ ፎቶዋን አይቶ አብቧል አለኝ። ሦስተኛ ላይ «የመመለሻ ጊዜው 30 ቀን ነው፣ አልፎሃል» አለ። ይቺን 30 ቀን ልብ በሉልኝ። እውነተኛ አውቶ እንኳ እስከ አምስተኛው ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ዘሩ በፖስታ መጥቶ እስኪበቅል ሌላ ሳምንት ይሄዳል። ስለዚህ ማንም ገዢ ዘሩ አውቶ አለመሆኑን በ30 ቀን ሊያውቅ አይችልም። ቃሉ ሲሰጥ ጀምሮ እንዳይከበር ተደርጎ ነው የተሰጠው።

ኪሳራው የዘሩ ዋጋ ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር። በካናዳ የፌዴራሉ ሕግ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በአንድ ቤት 4 ተክል ይፈቅዳል፤ አንዳንድ ክፍለ ሀገር ከዚያ ያጠብቀዋል። በጀርመን ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ 3 ነው። ቁጥሩ እንዲህ ጠባብ ሲሆን የተሳሳተ ዘር ቦታውን ለወራት ይይዝባችኋል። በላዩ ሌላ መትከል ሕግ መጣስ ነው።

አሁን ስለ «8 ሳምንት»። በዚህኛው የተታለልኩት በራሴ ሞኝነት ጭምር ነው። አንዲቷን እውነተኛ አውቶ ልክ በ56ኛው ቀን አጨድኳት፤ ማሸጊያው ብሏላ። እንቡጡ ሲደርቅ ገለባ ሆነ፣ ሽታውም የሣር። ብዙዎቹ አውቶዎች ከበቀሉ ከ9 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋሉ። ሻጮች ዝቅተኛውን ቁጥር ይጽፋሉ፤ አንዳንዶቹም የሚቆጥሩት አበባ ከጀመረበት ቀን ሆኖ ሳለ «ከዘር» ብለው ያትማሉ።

መድረሷን የሚናገረው ተክሏ ናት። ፀጉሮቹ ነጭ ሆነው ቀጥ ብለው ከቆሙ ገና ናት። አብዛኛው ሲጠቁር፣ ወደ ብርቱካናማና ቡናማ ሲሄድና ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀርባለች። ግን በፀጉር ብቻ አትፍረዱ፤ ሙቀት፣ በእጅ መነካካት ወይም የወንድ ዱቄት ያገኘው ፀጉር ያለጊዜው ይጠወልጋል። በመጨረሻው ሰሞን መብራቱ ቀርቦ ያቃጠላት ተክል ደግሞ አዲስ ነጭ ፀጉር ማውጣቷን ትቀጥላለች፣ እናንተም ገና አልደረሰችም ብላችሁ ስትጠብቁ ጊዜዋ ያልፍባችኋል። የታመነው ትራይኮሙ ነው፤ እንቡጡ ላይ እንደ እንጉዳይ ራስ ያላት፣ ሙጫ የቋጠረች ደቃቅ ጠብታ። 30 ወይም 60 ጊዜ የሚያጎላ የጌጥ ሠሪ መነጽር ይበቃል። ጠብታዎቹ እንደ ብርጭቆ ጥርት ካሉ አልደረሰችም። አብዛኞቹ እንደ ወተት ሲደፈርሱ ደርሳለች። ጥቂቶቹ የማር ቀለም መያዝ ሲጀምሩ ብዙ ሰው የሚያጭደው ያኔ ነው፤ ማሩ ከበዛ አልፏታል።

ሁለት ስህተት ልንገራችሁ፣ ሁለቱንም ሠርቻቸዋለሁ። አንደኛው፣ ከእንቡጡ ውስጥ በሚወጡት ትንንሽ ቅጠሎች ላይ ያለውን ጠብታ ማየት ነው፤ እሱ ቀድሞ ማር ይሆናል፣ ትቸኩላላችሁ። ያበጠውን የአበባውን ሽፋን እዩ። ሁለተኛው፣ ሐምራዊ በሆነው መብራት ሥር ቆሞ ቀለም መለየት ነው። አጥፉትና በነጭ ብርሃን ተመልከቱ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ መሆን መጨረሻው መድረሱን ሊያመለክት ይችላል፣ ግን የናይትሮጅን እጥረትም እንዲያው ያደርጋል፤ ለብቻው ማስረጃ አይደለም።

ገና ያልገዛችሁ ሰዎች ሻጩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «በ18 ሰዓት ብርሃን በስንተኛው ሳምንት ያብባል? ካላበበስ እስከ መቼ ድረስ ትመልስልኛለህ?» መልሱ 60 ወይም 70 ቀንን የማይሸፍን ከሆነ ተዉት። የመለሰላችሁን በጽሁፍ ያዙ፤ በየሳምንቱም ታይመሩ አብሮ የሚታይበት፣ ቀን ያለበት ፎቶ አንሱ። የእኔ ክርክር የወደቀው ያ ስላልነበረኝ ነው።

ሦስቱን ተራዎች በመጨረሻ 12 ሰዓት ላይ አዞርኳቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አበቡ፤ ቁመታቸው ግን በዚያው ጊዜ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ጫፋቸውን ጎንበስ አድርጌ በሲባጎ ማሰር ነበረብኝ። ሻጩን አሁን ስፈልገው የለም። ባለፈው ሳምንት ግን ያ ወዳጄ በሌላ ስም፣ በሌላ ቀለም የታሸገ ዘር አሳየኝ። ከውስጡ ካርዷን አወጣሁ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 12 ሰዓት» የምትለው መስመር እንዳለች ናት።