የልጆቼን የመጫወቻ ሣጥን እወደዋለሁ፣ ፒስተኑን ግን ለማንም አልመክርም

ለልጆቼ የመጫወቻ ሣጥን እቤት የሠራሁት ክረምቱ ሳይገባ ነው። ጎኖቹ ኮምፔንሳቶ፣ ክዳኑ ዋንዛ። ስለ ሣጥኑ ብዙ የምለው የለም፤ ምንም አይወጣለትም። ያ ሁሉ ዝናብና እርጥበት አላሳበጠውም፣ ልጆቹም ሲዘሉበት ቻለው። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ክዳኑ ላይ የገጠምኩት ጥንድ የጋዝ ፒስተን ነው።

ዋንዛ የመረጥኩት ወድጄው ነው። ለመላጊያ ይመቻል፣ ቫርኒሽ ሲቀባ ቡናማ መልኩ ከየትኛውም ፎርማይካ ይበልጥብኛል። ግን ወፍራም ጣውላ ስለሆነ ክዳኑ ስድስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህ ልጅ ላይ ቢወድቅ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄጄ ክዳን ቀስ አድርጎ የሚያወርድ ነገር ጠየቅኩ። ሻጩ ፒስተኖቹን አወጣልኝ። "እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ኦሪጅናል ነው። ለኪችን ካቢኔት ሁሉ የምንሰጠው ይሄንኑ ነው" አለኝ።

መጀመሪያ ላይ ልክ እንዳለው ነበር። ክዳኑ በአንድ ጣት ይከፈታል፣ ሲዘጋም ድምፅ የለውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከፍቼ አሳይ ነበር። ከወራት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ይቆማል። ትንሽ ሲነካ እስከ መሀል ቀስ ብሎ ይመጣና ቀሪውን መንገድ በአንዴ ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ ትንሿ ልጄ እጇን አውጥታ ዞር ከማለቷ ክዳኑ ዷ አለ። ጠርዙ ላይ የነበረው የፕላስቲክ ሲኖትራክ ጋቢናው ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጄ ለመኪናዋ አለቀሰች። እኔ ግን የማየው እጇን ነበር።

የዚያን ቀን ፒስተኖቹን ፈትቼ አየሁ። የአንደኛው ዘንግ ስስ ዘይት ይዞ አቧራ ተለጥፎበታል። ውስጡ ያለው የታመቀ ናይትሮጅን ነው፤ ጎሚኒው ሲደክም ዘይቱም ጋዙም ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል።

የባሰው ግን ይህ አይደለም። አዲስ ቢሆንም ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም። ላዩ ላይ 100 ኒውተን ይላል፣ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ማለት ነው። ሲሰሙት ለስድስት ኪሎ ክዳን የሚተርፍ ይመስላል። ሆኖም ፒስተኑ የሚገፋው ከማጠፊያው አጠገብ ነው፣ የክዳኑ ክብደት ደግሞ ወደ ፊት ነው ያለው። ክዳኑ ዝቅ ባለ ቁጥር የፒስተኑ አቅጣጫ እየተጋደመ ይሄዳል፣ ማንሳቱም ይቀንሳል። መጨረሻው አካባቢ ክብደቱ ያሸንፋል። ጣት የሚገኘውም እዚያው መጨረሻው ላይ ነው።

ተመልሼ ሄጄ ለሻጩ ነገርኩት። "ልጆቹ እየተንጠለጠሉበት ይሆናል" አለኝ። የልጆች ሣጥን ላይ ልጅ እንደሚንጠለጠል ሲሸጥልኝም ያውቅ ነበር እኮ! የካቢኔት ነገርም አይዋጥልኝም። ወደ ላይ የሚከፈት የካቢኔት በር ቢለቅ ተመልሶ ፊት ለፊት ይንጠለጠላል። የሣጥን ክዳን ግን የሚያርፈው ጠርዝ ላይ ነው። ልጅ ደግሞ ከታች ያለውን መጫወቻ ለማውጣት አንገቱን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ነው የሚያጎነብሰው። በሌላ አገር በዚህ ዓይነት ክዳን የሞቱ ሕፃናት አሉ። ኤኤስቲኤም ኤፍ963 የሚባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ደረጃ ስለ ክዳን ለብቻው ያስቀመጠውም ለዚህ ነው። ክዳኑ ከመዝጊያው ከ50 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ብሎ ሲለቀቅ ከ12 ሚሊሜትር በላይ መውረድ የለበትም ይላል። በአጭሩ፣ የለቀቁት ቦታ ላይ ይቁም ነው የሚለው። ይህን የሚያደርገው በሰበቃ የሚይዝ ማጠፊያ ነው እንጂ የጋዝ ፒስተን አይደለም።

ሣጥኑን በመሥራቴ ግን አልጸጸትም። እንዲያውም "ተዘጋጅቶ የተሸጠ አይሻልም ወይ?" ለሚሉኝ መልሴ አይሻልም ነው። የገዛሁት ቢሆን ኖሮ ጀርባው ላይ ሁለት የአየር ቀዳዳ ማን ይበሳልኝ ነበር? ልጅ ድብብቆሽ ሲጫወት ገብቶ ሊደበቅ ይችላል። ደረጃው እያንዳንዱ ቀዳዳ ቢያንስ 650 ካሬ ሚሊሜትር እንዲሆን፣ በመካከላቸውም 150 ሚሊሜትር እንዲኖር ይጠይቃል። በ30 ሚሊሜትር መብሻ ብትበሱት በቂ ነው። ሁለቱም ቀዳዳዎች ግድግዳ ሲጠጋ እንዳይደፈኑ ከሣጥኑ ሥር ከጀርባ በኩል ቀጭን ጣውላ አድርጌ ከግድግዳው አርቄዋለሁ።

አሁን ክዳኑን አውልቄዋለሁ፤ የለቀቁት ቦታ ላይ የሚቆም ማጠፊያ እስካገኝ ሣጥኑ ክፍቱን ነው። አቧራ ይገባል፣ ይግባ። እናንተም እየሠራችሁ ከሆነ ክዳኑን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ሻጩ እዚያው ገጥሞ ከመዝጊያው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ይልቀቀው። ከወረደ አትግዙ።