ቪትዝ ይሻላል ወይስ ኮሮላ?

ሦስት ልጅ ላለው ሰው አሮጌ መኪና ሲባል መጨረሻ ላይ የሚቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህማ ያለውን አይቶ መርጦ መግዛት ነው። ቪትዝ ባለ 1000 ሲሲዋ ነዳጅ አትበላም፣ ለፓርኪንግም ትመቻለች፣ ግን 5 ሰው ሆናችሁ ወደ እንጦጦ ስትወጡ በአንደኛ ማርሽ ታቃስታለች፣ ከኋላም ሻንጣና አንድ ጆንያ ከገባ በቃ አለቀ። ኮሮላ (ኤግዘኪዩቲቭ የምንላት) ነዳጅ ትንሽ ትጨምራለች፣ ዋጋዋም ከፍ ይላል፣ ግን ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ቤተሰብ እኔ እሷን ነው የምለው፣ መንገድ ትይዛለች ልጆቹም ከኋላ አይጨናነቁም። መለዋወጫ ለሁለቱም ሶማሌ ተራ አለ።

የትኛዋንም ግዙ ብቻ ሞተሩ ሳይሞቅ ጠዋት ሄዳችሁ እዩ በናታችሁ! እኔ ስገዛ ሻጩ አሙቆ ነው የጠበቀኝ፣ ምንም አላየሁም፣ በሳምንቱ ጠዋት ሳስነሳት ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ለካ ዘይት ትበላ ነበር፣ ሞተር ማስወረድ ደግሞ የስንት ወር ደሞዝ ነው። ምንጣፉንም ገልጣችሁ ላሜራውን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ዝገት እዛ ነው የሚደበቀው።