«ማንም አይነካውም» ተብሎ የሚሸጠውን የፋይል መቆለፊያ እንዳትገዙ

ወገኖቼ፣ በእኔ የደረሰ በእናንተ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ብዙ ፋይል በአንዴ ይቆልፋል የተባለ ትንሽ የሊኑክስ ፕሮግራም ገዛሁ። ሻጩ «አንዴ ከተቆለፈ ማንም አይነካውም» ብሎኛል። 3000 ፋይል ያለበትን ፎልደር ሰጠሁት። ወዲያው «ሁሉም ተቆልፏል» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ፕሮግራሙ እየሠራ ሌላ ተርሚናል ከፈትኩ። ከተቆለፉት አንዱን የፋይል ይዘት በሚያሳየው «ካት» ትእዛዝ ጠራሁት። ይዘቱ በሙሉ ፊቴ ዝርግፍ አለ። በ«አርኤም» ሳጠፋውም ምንም ሳያንገራግር ጠፋ። ኮፒ ባልይዝ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር።

ሶርስ ኮዱ አብሮ ስለመጣ ገልጬ አየሁት። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አጭር ነገር ነው። እያንዳንዱን ፋይል በ«ኦፕን» ይከፍታል፣ ከዚያ «ፍሎክ» የተባለውን የሊኑክስ የመቆለፊያ ጥሪ ይጠራል፣ በቃ። የፍሎክ ቁልፍ ደግሞ የስምምነት ቁልፍ ነው። ወንበር ላይ ጃኬት ጥሎ «ተይዟል» እንደማለት። ቀድሞ የሚጠይቅ ፕሮግራም ያከብረዋል፤ ካት እና አርኤም ግን አይጠይቁም። ፍሎክ ራሱ መጥፎ አይደለም። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ፋይል ላይ ተደራርበው እንዳይጽፉ በጣም ይጠቅማል። ያናደደኝ እንደ ዘበኛ መሸጡ ነው።

የባሰው ደግሞ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሊኑክስ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚከፍተውን ፋይል ይገድባል። የተለመደው ገደብ 1024 ነው፤ «ዩሊሚት -n» (ulimit -n) በሚለው ትእዛዝ የእናንተን ማየት ትችላላችሁ። 0፣ 1 እና 2 የተባሉት ቁጥሮች ለግቤት፣ ለውጤትና ለስህተት መልእክት አስቀድመው ተይዘዋል። የሚቀረው 1021 ነው። ከዚያ በኋላ ኦፕን የሚመልሰው −1 ነው፣ «በጣም ብዙ ፋይል ተከፍቷል» ለማለት። ይሄ ኮድ መልሱን ጭራሽ አያይም! ስለዚህ ከ3000 ፋይሎቼ 1979ኙ ያቺ የስምምነት ቁልፍ እንኳ አልደረሰቻቸውም። «ሁሉም ተቆልፏል» የሚለው ጽሑፍ ግን ያለምንም ቅድመ ሁኔታ ኮዱ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል።

ፕሮግራሙ ሲዘጋ ደግሞ ቁልፎቹ ሁሉ አብረው ይለቀቃሉ።

ገንዘቤን መልስልኝ ስለው ሻጩ «ኮዱ ያለ ስህተት ይሠራል» አለኝ። እስካሁን አልመለሰም።

እንዲህ ያለ ነገር ሊሸጥላችሁ ከመጣ፣ ሳትከፍሉ በፊት 2000 ባዶ ፋይል ፍጠሩና አስቆልፉት። ከዚያ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ «ፕሮክ» ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሎክስ» የተባለ ፋይል (/proc/locks) ክፈቱ። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የያዛቸው ቁልፎች እዚያ ተዘርዝረዋል፤ የፕሮግራሙን መለያ ቁጥር ይዛችሁ መስመሮቹን ቁጠሩ፤ ከ2000 ካነሱ ሁሉም አልተቆለፉም ማለት ነው። ፍላጎታችሁ ሰው እንዳያነብባችሁ ከሆነ ግን መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ፋይል ፈቃድና ስለ ምስጠራ ነው። ቀድማችሁ የገዛችሁም ፋይሎቻችሁን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጓቸው።